«ኤክስቴንሽን» ሲባል የአገር ቤቱ እንዳይመስላችሁ፦ ለትራንስፈር የሚጎድል ሒሳብና ስታቲስቲክስ

በዚህ ወር ብቻ ይህንኑ ጥያቄ ለአራት ሰው መልሻለሁ። ሁለቱ ከቅዳሴ በኋላ ያዙኝ፣ አንዷ በስልክ ጠየቀችኝ፣ አራተኛው ግን የመጣው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው። «ለትራንስፈር የቀረችኝ ሒሳብ ብቻ ናት፤ ስታቲስቲክሷን ኤክስቴንሽን ወስጄ ልገላገል?» የአራተኛው ልጅ ኮርስ የማይቆጠር ነው፤ ገንዘብ የሚመለስበት ቀንም አልፏል። እሱን ሳይ የራሴ ዓመት ትዝ አለኝና አንዴ በጽሑፍ ላስቀምጠው አልኩ።

የምጽፈው ስለ ካሊፎርኒያ ነው፤ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ) ወደ ዩሲ (የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ወይም ወደ ካል ስቴት (የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ስለሚዛወር ሰው፤ ትራንስፈር የምለው ይህን ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ የራሳችሁን ግዛት ደንብ እዩ። ፋፍሳ፣ ማለት የመንግሥት የትምህርት ዕርዳታ ማመልከቻ፣ እንዴት እንደሚሞላ አልነግራችሁም፣ እሱን የሚያሳይ ሰው በየቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። አገር ቤት ኤክስቴንሽን ማለት የማታ ትምህርት ነው። ቀን ሥራ የሚውል ሰው ማታ ማታ እየተማረ ከቀኑ ተማሪ ጋር ያንኑ ዲግሪ ይይዛል። እዚህ ትርጉሙ ሌላ ነው። የዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን ማመልከቻም ፈተናም ሳይጠይቅ ለማንም ክፍት የሆነ፣ በክፍያ የሚተዳደር ክፍል ነው። እዚያ በመመዝገባችሁ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ አትሆኑም። ከሁሉ የሚያሳስተው ግን በአንድ ድረ ገጽ ላይ ለዲግሪ የሚቆጠር ኮርስ፣ ለሥራ ሰርተፍኬት ብቻ የሚሆን ኮርስና ምንም የማይቆጠር ኮርስ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው። የሦስቱም አርዕስት ላይ «ስታቲስቲክስ» የሚል ቃል ታገኛላችሁ።

እኔ የወደቅሁት እዚህ ላይ ነው። በዲቪ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ማታ ማታ ነርሲንግ ሆም እሠራ ነበር፣ ቀን ኮሌጅ። ለነርሲንግ ትራንስፈር የቀረችኝ ስታቲስቲክስ ብቻ ነበረች። ኮሌጄ ውስጥ ክፍሉ ሞልቶ ዌይትሊስት (የተጠባባቂዎች ዝርዝር) ላይ አስራ ምናምነኛ ሆንኩ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ኤክስቴንሽን አለ አለችኝ። የአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ስም ስላለበት ልቤ ሞላ፤ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የበለጠ እንጂ ያነሰ ይሆናል ብዬ እንዴት ላስብ? ሆኖም ዝም ብዬ አልከፈልኩም፣ ደውዬ ጠየቅሁ። «ክሬዲት አለው ወይ?» አልኩ። «አዎ፣ አለው» አሉኝ። በኦቨርታይም ያጠራቀምኩትን ከሺህ ዶላር በላይ ከፈልኩ። ከሌሊት ሥራ መልስ እንቅልፌን እየገደልኩ ተምሬ ኤ አመጣሁ።

ትራንስክሪፕቱን ያስገባሁበት ትምህርት ቤት ኮርሱን አልቆጠረውም። ክሬዲቱ «ፕሮፌሽናል ክሬዲት» የሚሉት ዓይነት ነበር፤ ለአሠሪ የሚታይ፣ ለዲግሪ የማይደመር። ስልኩን ያነሳችው ሴት አልዋሸችም፣ ኮርሱ ክሬዲት አለው። የተሳሳተ ጥያቄ ጠይቄ ትክክለኛ መልስ አገኘሁ። ይሁን እንጂ ለምን እንደምፈልገው መልሳ ብትጠይቀኝ ኖሮ በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ዓመት ታተርፍልኝ ነበር። ያን መጸው (ፎል) የያዝኩት ቦታ ተሰረዘ፣ እንደገና አመለከትኩ፣ ያንኑ ስታቲስቲክስ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ደገምኩት። የቆጨኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። እናቴ በጥቅምት ዩኒቨርሲቲ እንደምገባ ለጎረቤት ተናግራ ነበር።

ስለዚህ «ክሬዲት አለው?» ብላችሁ አትጠይቁ። የምትጠይቁት ይህን ነው፦ «ይህ ኮርስ ለባችለር ዲግሪ የሚቆጠር የሎወር ዲቪዥን (የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ደረጃ) ኮርስ ነው? እኔ የምገባበት ትምህርት ቤት የሒሳብ ግዴታዬን ይሸፍንልኛል?» ሁለተኛውን ጥያቄ ኤክስቴንሽኑ ሊመልስላችሁ አይችልም። መልሱ ያለው የኮሌጃችሁ ካውንስለር (የትምህርት አማካሪ) እና የምትገቡበት ዩኒቨርሲቲ ዘንድ ነው፤ መልሱንም በኢሜይል ተቀበሉ። በቃል «ይሆናል» ያለ ካውንስለር በሚቀጥለው ሴሚስተር ላይኖር ይችላል።

የኮርሱን ቁጥር ማንበብም ተማሩ። በዩሲ ኤክስቴንሽኖች ከ1 እስከ 99 ያለው ሎወር ዲቪዥን ነው፣ ከ100 እስከ 199 አፐር ዲቪዥን (የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ደረጃ)። በ400ዎቹ ያለው የሙያ ነው፣ በ800ዎቹ ያለው ክሬዲት የለውም። ዩሲኤልኤ ኤክስቴንሽን ከቁጥሩ በፊት «ኤክስኤል»፣ በርክሌይ ደግሞ «ኤክስቢ» ብለው የሚጽፉባቸው ኮርሶች በመደበኛው ዩኒቨርሲቲ አቻ ያላቸው ናቸው። 400 የሚል ካያችሁ፣ አርዕስቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ገጹን ዝጉት።

ቁጥሩ ትክክል ሆኖም የምዝገባው ቅጽ ላይ ሌላ ጉድጓድ አለ። ኤክስቴንሽን ውጤቱን በፊደል፣ በማለፍና መውደቅ፣ ወይም ያለ ክሬዲት እንድትመርጡ ይጠይቃችኋል። ፊደሉን ምረጡ። ዩሲ ለሒሳቡ ቢያንስ «ሲ» (C) ይፈልጋል፤ «ሲ ማይነስ» (C-) አይበቃውም። ካል ስቴት ግን «ጎልደን ፎር» ከሚላቸው አራት ኮርሶች አንዱ በሆነው ሒሳብ ላይ ሲ ማይነስ ይቀበላል። ዩኒቱንም (የኮርሱን ክሬዲት መለኪያ) አስሉ፦ ኤክስቴንሽኑ በኳርተር የሚቆጥር ከሆነ 4 ኳርተር ዩኒት 2.67 ሴሚስተር ዩኒት ብቻ ነው። ለትራንስፈር የሚፈለገውን 60 ሴሚስተር ዩኒት ለመሙላት ልክ በልክ የሄደ ሰው በዚህች ክፍልፋይ ሲጎድልበት አይቻለሁ።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። ጥናታችሁ (ሜጀራችሁ) ምን እንደሆነ ሳታውቁ ስለ ስታቲስቲክስ አትጠይቁኝ። ነርሲንግ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሶሺዮሎጂ፣ የሕዝብ ጤና ከሆነ ስታቲስቲክስ ብዙውን ጊዜ ትክክለኛው መንገድ ነው። ኢንጂነሪንግ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ የዩሲ ኢኮኖሚክስ ወይም ቢዝነስ ከሆነ ካልኩለስ ይጠይቃችኋል፤ ስታቲስቲክሱ አጠቃላዩን ግዴታ ቢሸፍንም ጥናታችሁን አይከፍትላችሁም። ይህን ለማወቅ ማንንም መለመን አያስፈልግም፤ አሲስት ዶት ኦርግ ላይ ኮሌጃችሁንና የምትሄዱበትን ዩኒቨርሲቲ ስትመርጡ የትኛው ኮርስ ለየትኛው እንደሚቆጠር በነጻ ያሳያችኋል። አሥር ደቂቃ ነው። ለአሥር ደቂቃ ሰንፎ ሺህ ዶላር የሚከፍል ሰው ያሳዝነኛልም ያበሳጨኛልም።

ደግሞስ ወደ ኤክስቴንሽን የሚያስሮጣችሁ ምንድን ነው? በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለነዋሪ አንድ ዩኒት 46 ዶላር ነው፤ አራት ዩኒት ስታቲስቲክስ 184 ዶላር። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ካሊፎርኒያ ኮሌጅ ፕሮሚስ ግራንት እሱንም ያነሳለታል። ኤክስቴንሽን ላይ ኮርስ ብቻ የሚወስድ ሰው የዲግሪ ተማሪ ስላልሆነ ፔል ግራንት (የፌዴራል መንግሥቱ የትምህርት ዕርዳታ) አይከፍልለትም። በእርግጥ በዲቪ አዲስ የመጣ ሰው የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት አንድ ዓመት ከአንድ ቀን መቆየት አለበት። መቆየት ከቻላችሁ ቆዩ እላለሁ።

ክፍሉ ሞላ ማለትም በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም። በግዛቱ ከመቶ በላይ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች አሉ። ካሊፎርኒያ ቨርቹዋል ካምፓስ በሚባለው ድረ ገጽ ቦታ ያለውን የኦንላይን ክፍል ከሌላ ኮሌጅ ትፈልጋላችሁ፤ ዘግይተው የሚጀምሩ የስምንት ሳምንት ክፍሎችም አሉ። በፈረንጅ ከ2025 መጸው ጀምሮ ስታቲስቲክስ በኮሌጆቹ ሁሉ አንድ ስም እየያዘ ነው፣ «ስታት ሲ1000»። ይህን ስም ካያችሁ ከየትኛውም ኮሌጅ ብትወስዱት ያው ኮርስ ነው። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ይህ ቢኖር ዌይትሊስት ላይ ተቀምጬ አልጸልይም ነበር።

«ሒሳቤ ደካማ ነው፣ መጀመሪያ አልጀብራ ልውሰድ» የምትሉም አላችሁ። ድሮ ኮሌጆቹ በፈተና ለይተው ከታች ያስጀምሩ ነበር፤ ሰው ዓመትና ሁለት ዓመት እዚያው ይቀራል። ኤቢ 705 የተባለው በፈረንጅ የ2017 ሕግና ተከታዩ የ2022ቱ ኤቢ 1705 ይህን አስቀርተዋል። በቀጥታ ስታቲስቲክስ ግቡ፤ ብዙ ኮሌጅ ከጎኑ ደጋፊ ክፍል ያስቀምጣል፣ እሱንም ውሰዱ። የሚያስቸግራችሁ ስሌቱ ሳይሆን እንግሊዝኛው ነው። ጥያቄው «ቢያንስ»፣ «ቢበዛ»፣ «ከዚህ የማያንስ» ሲል የቱን ወገን እንደሚል ማወቅ ግማሹ ፈተና ነው።

የአገር ቤት ትራንስክሪፕት ያላችሁም ስሙኝ። ፍሬሽማን ሳላችሁ የተማራችሁት ሒሳብ የተማራችሁት ነው፣ ማንም አይወስድባችሁም። ለካል-ጌትሲ ግን፣ ይኸውም የትራንስፈር አጠቃላይ ትምህርት ማረጋገጫ፣ በአሜሪካ ዕውቅና ከሌለው የውጭ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ሒሳብ በአብዛኛው አይገባም። አስገምግማችሁ መጠየቁ አይከፋም፤ እሱን ተማምኖ ሒሳብ ሳይወስዱ ማመልከት ግን አይሆንም።

ኤክስቴንሽን ፈጽሞ አትውሰዱ አልልም። የሥራ ፈረቃው ከየትኛውም ክፍል ጋር የማይገጥምለት ሰው፣ ኮርሱ ለዲግሪ የሚቆጠር መሆኑን በጽሑፍ ካረጋገጠና ገንዘቡ ካለው፣ ይጠቅመዋል። ያኔ ቀኑን ከኋላ ወደፊት ቁጠሩ። ለመጸው ትራንስፈር ሒሳቡ ከዚያ በፊት ባለው ጸደይ (ስፕሪንግ) ማለቅ አለበት፤ በጋ (ሰመር) ላይ እጨርሰዋለሁ ማለት ቦታን አሳልፎ መስጠት ነው። በራሳችሁ ፍጥነት የምትጨርሱት ኮርስ ከሆነ የመጨረሻውን ፈተና ቀን አሁኑኑ ያዙ። ዩሲ ካመለከታችሁ በጥር የማመልከቻችሁን ዝማኔ (የኮርስና የውጤት ማሟያ) ሲጠይቃችሁ ኤክስቴንሽኑን ጨምራችሁ ጻፉ፤ ያልተነገረ ኮርስ ችግር ያመጣል። ኮሌጃችሁ የኤክስቴንሽኑን ውጤት በራሱ አያውቅም፣ ማንም አይልክላችሁም። ውጤቱ በተለጠፈ ቀን ኦፊሴላዊውን ትራንስክሪፕት ሁለት አድርጋችሁ እዘዙ፣ አንዱ ለኮሌጃችሁ፣ አንዱ ለምትገቡበት። ለዩሲ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ መድረስ አለበት። በፈረንጅ ሐምሌ ነው የምላችሁ፣ ጁላይ 1፤ በእኛ ገና ሰኔ 24።