ሠራተኛዋን አትጫወቷት

ጎንደር ውስጥ የአንድ ሰው ተውኔት የሚለማመዱ ልጆች ጽሑፋቸውን ያሳዩኛል። ብዙዎቹ ስለ ደላው ሰውና ስለ ሕሊናው ነው የሚጽፉት። ደስ ይለኛል። አንድ ስህተት ግን ደጋግሜ ስላየሁ ዝም ማለት አቃተኝ።

ጽሑፉ ላይ ሠራተኛ አለች። ሮቶው ሲደርቅ ጄሪካን የምትሸከመው እሷ ናት። ልጁ መድረክ ላይ ሲወጣ ሻሽ ያስርና፣ ጎንበስ ብሎ፣ በገጠር አነጋገር እሷን ይሆናል። ሰው ይስቃል። በቃ፣ ተውኔቱ እዚያ ሞተ! ጥያቄው እኮ የእሷ ድህነት አልነበረም፤ እሷ በቀዳችው ውሃ የሚታጠበው ሰውዬ ነው። እሱን ሁኑ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሳይሳለም ሥራ የማይገባ፣ የቆሎ ተማሪ ባዶ እጁን የማይመልስ፣ ደግ ሰው አድርጉት። ተመልካቹ መጀመሪያ ይውደደው። ስለ ልጅቷ ደሞዝ ሲያወራ የሚደነግጠው ያኔ ነው።

ይህን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። አንድ ምሽት ትርኢቱ ሲያልቅ ሰው ቤት ሲሠሩ የኖሩ እናት ጠጋ ብለው፣ «እኔ እንደዚህ ነው የማወራው ልጄ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬ ያመኛል።

ሰውዬውን ባለ ቪላ፣ ባለ ብዙ መኪና አታድርጉት። ተመልካቹ «እኔን አይደለም» ብሎ ዘና ይላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶ ያለው ሰው ይበቃል።

በጣት እየጠቆማችሁ «እናንተ» አትበሉ። «እኔ» በሉ።

መጨረሻ ላይ አታልቅሱ። ሰውዬው ካለቀሰ ተመልካቹ አብሮት ንስሐ የገባ ይመስለዋል፤ ቀሎት ይሄዳል። ጄሪካኑ ግን ነገም እሷ ጀርባ ላይ ነው።

አዳራሽ አጣን ብላችሁም አትቁሙ። አሜሪካዊው ዋላስ ሾን በዚሁ ጉዳይ ላይ የጻፈውን «ዘ ፊቨር» የተባለ ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1990 መጫወት የጀመረው ኒውዮርክ ውስጥ በሰው መኖሪያ ቤት ነው። የደላው ሰው ታሪክ በራሱ ሳሎን ሲነገር ማምለጫ የለውም። ይህን የእኛ አዝማሪዎች ድሮም ያውቁታል። አዝማሪ አንድ ማሲንቆ ይዞ ቤቱን ይሞላል፤ ባለቤቱን እዚያው ድግሱ ላይ በሰምና ወርቅ ይነካዋል። አንድ ምሽት አዝማሪ ቤት ግቡና የሰው ፊት እያየ ግጥሙን እንዴት እንደሚቀይር፣ የት ላይ ዝም እንደሚል ተመልከቱ። መስታወት ፊት ከመለማመድ ይሻላል።

ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት ደግሞ ጽሑፉን ሰው ቤት ለምትሠራ ሴት አንብቡላት። ያልተስማማትን ቁረጡት። ለጊዜዋም ክፈሏት።