እጃችሁን ከቤቷ አውጡ፦ ከተናካሽ ጥንቸል ጋር ስለ መኖር

ጥንቸል ትናከሳለች ስል የሚያምነኝ ሐበሻ ብዙም የለም። "ሣር የምትበላ ፍጥረት ምን ታደርጋለች!" ብሎ ጣቱን በኬጁ ሽቦ ያስገባ እንግዳ ግን ጮሆ ነው የሚያወጣው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማችን ውስጥ ያለችው የልጆቼ ጥንቸል ስሟ ጉዴ ነው፤ ያወጣላት ባለቤቴ ነው፣ ለምን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። ስትመጣ መዳፍ ላይ የምትተኛ ነበረች። ግማሽ ዓመት ሊሞላት ሲል ምግብ የሚያቀርብላትን እጅ ማሳደድ ጀመረች።

ዕድሜው ነው። ጥንቸል አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወሯ ለመራባት ትደርሳለች፤ ሴቷ በአጠገቧ ወንድ ባይኖርም ጎጆ የመጠበቅ ጠባይ ይመጣባታል። አንዳንዴ ሳታረግዝ ያረገዘች ይመስላትና ከአገጯ ሥርና ከሆዷ ፀጉር እየነጨች ድርቆሽ ውስጥ ታነጥፋለች። ይህ ሁለት ሳምንት ተኩል ያህል ይቆያል። ያነጠፈችውን አታፍርሱባት፤ ካፈረሳችሁ ንክሻው ይብሳል።

መጀመሪያ፣ የምትናከሰው የት እንደሆነ ልብ በሉ። ጉዴ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ከሆነች ግንባሯን እሹልኝ ብላ ታቀርባለች። ኬጇ ውስጥ እጅ ሲገባ ግን ጆሮዋን ወደ ኋላ ታጥፋለች፣ ጭራዋን ትቀስራለች፣ ታጉረመርማለች፣ ቀጥላም በፊት እግሮቿ ትመታለች። ሰው ሳያንኳኳ ቤታችሁ ገብቶ ድስታችሁን ቢያማስል እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቦታ ሳትመርጥ የምትናከስ ከሆነ፣ ወይም ሰላማዊ የነበረች ጥንቸል ድንገት ከተለወጠች፣ ሕመም ጠርጥሩ። ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ አለአግባብ ሲረዝም ያሠቃያታል፤ ጆሮዋና የእግሯ መርገጫም ይታይላት።

የቦታ ጉዳይ ከሆነ ደንቡ አጭር ነው፦ እሷ እያለች እጅ ወደ ውስጥ አይገባም። በሩን ክፈቱና በራሷ ጊዜ ትውጣ። ጉዴን የድንብላል ቅጠል ሁልጊዜ ያስወጣታል። ወጥታ ስትዘል ጽዱ፣ ውኃ ቀይሩ፣ ድርቆሽ ሙሉ። ሲጸዳ ጠረኗ ጨርሶ መጥፋት የለበትም፤ ከሽንት ሳጥኗ ትንሽ የቆየ ድርቆሽ ተዉላት፣ አለዚያ ቤቴን ተነጠቅሁ ብላ ማዕዘኑን ሁሉ እንደ አዲስ ትሸናበታለች። ውጭ የሸናችበትን በነጭ አቼቶ ጥረጉት። ኬጇ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ምክር በፊት ቦታ ስጧት፦ ዙሪያውን የሚዘረጋ አጥርና ሁለት በር የተቀደደለት የካርቶን መደበቂያ።

ጥንቸል አፍንጫዋ ፊት ለፊት ያለውን ነገር አታይም። ዓይኗ በጎንና በጎን ስለሆነ፣ ልታሸትተው ብላችሁ ከአፍንጫዋ ሥር የምታቀርቡት እጅ ድንገት የበቀለ ነው የሚመስላት። ከጎን በኩል ቅረቡ፣ ግንባሯ ላይ ከላይ ቀስ ብላችሁ አሳርፉ። ስትዘልባችሁ እጃችሁን አትንጠቁ፤ ማባረር እንደሚያዋጣ ትማራለች። ረጅም እጅጌና የምድጃ ጓንት አድርጋችሁ ጸጥ በሉ። መምታት፣ በጆሮ ማንጠልጠል፣ ቅጣት ብሎ በጀርባ ማስተኛት የለም። በጀርባዋ ስትሆን የምትደነዝዘው ፈርታ ነው፣ ተረጋግታ አይደለም።

ዋናው መድኃኒት ግን ቀዶ ሕክምና ነው፤ ማህፀኗንና እንቁላል ማፍሪያዋን ማስወጣት። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ "ለማትበላ ለማትታለብ እንስሳ ኦፕራሲዮን!" ብላ ስቃብኛለች። ይሁን። ሳይወጣላቸው የሚያረጁ ሴት ጥንቸሎችን የማህፀን ካንሰር በብዛት ስለሚይዛቸው ነገሩ የጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ውሻና ድመት ብቻ የሚያክሙ ክሊኒኮች ብዙ ናቸውና ስትደውሉ ዘወትር የጥንቸል ቀዶ ሕክምና ይሠሩ እንደሆነ ጠይቁ። "ከማታ ጀምሮ አታብሏት" የሚል ካለ ሌላ ፈልጉ፤ ጥንቸል ማስታወክ ስለማትችል መጾም አያስፈልጋትም፣ ባዶ ሆድ ደግሞ አንጀቷን ያቆመዋል። ከቀዶው በኋላ ግማሽ ቀን ያህል ካልበላች ወይም ኩስ ካልጣለች ሳታድሩ ውሰዷት። ጠባዩ በማግሥቱ አይለወጥም፤ ሆርሞኑ ከደሟ እስኪወጣ ሳምንታት ይፈጃል፣ በዚያ መሃል ከላይ ያለው ደንብ እንዳለ ይቀጥላል።

እግረ መንገዴን፦ ቡና ስታፈሉ የእጣኑ ጭስ እሷ ወዳለችበት ክፍል እንዳይገባ። ሳንባዋ ስስ ነው፤ የታፈነች ጥንቸል ደግሞ ትነጫነጫለች።

ልጆች ማንሳት አይፈቀድላቸውም። ተፈራግጣ ከእጃቸው ስትወጣ አከርካሪዋ ሊሰበር ይችላል። መሬት ላይ ቁጭ ብለው የቤት ሥራቸውን ይሥሩ፤ ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ንቁ ስለሆነች ያኔ ራሷ መጥታ ታሸታቸዋለች። ከነከሰች ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ እጠቡ፤ ካበጠ ወይም ከቀላ ሐኪም ይየው፣ የቴታነስ ክትባት ጊዜው አልፎ እንደሆነም ጠይቁ።