የሞዴል ባቡር ማዞሪያና ክብ ጋራዥ ስትገጥሙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የድሮ የባቡር ዲፖ ውበቱ ማዞሪያው ላይ ነው። ሎኮሞቲቩ ክብ ጉድጓድ ውስጥ ባለው ድልድይ ላይ ይወጣል፣ ድልድዩ ይዞራል፣ ከዚያ እንደ ማራገቢያ ወደተዘረጋው ክብ ጋራዥ ይገባል። ይህን በሞዴል መሥራት ትዕግስት ይጠይቃል። አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ግን ከአንድ ነገር ነው፦ ሁሉም ልክ የሚነሣው ከድልድዩ መሐል ነጥብ መሆኑን ከመርሳት። መሐሉ ሳይወሰን ሐዲድ አይነጠፍ።

የመጀመሪያው ስህተት ሳይለኩ መግዛት ነው። ረጅሙን ሎኮሞቲቫችሁን ከነከሰል ጋሪው አውጡና ከፊተኛው ጎማ እስከ ኋለኛው ጎማ ለኩ። ድልድዩ ከዚህ ትንሽ መብለጥ አለበት። ለጋራዡ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ሙሉ ርዝመት ነው የሚያስፈልጋችሁ። በኤችኦ መጠን፣ ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛው 87 ጊዜ በሚያንስበት በ1፡87፣ የ27 ሜትር ድልድይ 31 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በጉድጓዱና በጋራዡ መካከል ያለው ክፍተትና ጋራዡ ራሱ ሲጨመሩ ከመሐሉ እስከ ጋራዡ የኋላ ግድግዳ 70 ሴንቲ ሜትር ቢሆን አይግረማችሁ። ሰፋ ያለ ሳሎን ያላቸው የድሮ ቤቶች ይችሉታል። ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ ግን አልጋውም መቀመጫ ይፈልጋል። እዚያ በ1፡160 መሥራት ይሻላል፣ ቦታው በግማሽ ሊቀንስ ምንም አይቀረው።

የለገሃርን የድሮ ባቡር ለመሥራት ያሰባችሁ ደግሞ የሐዲዱን ስፋት አትርሱ። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ መስመር ሐዲዱ አንድ ሜትር ስፋት ነበረው። ይህ በ1፡87 ሲሰላ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ነው የሚጠይቀው። ተራው የኤችኦ ሐዲድ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ እሱ እንደ አዲሱ የፉሪ ለቡ መስመር ላለው 1,435 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ነው የሚሆነው። ማዞሪያውን በተሳሳተ ስፋት ከገዛችሁ ጎማው ሐዲዱ ላይ አይቀመጥም፤ መላም የለውም።

ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው የሚወድቅበት፣ የማዕዘን ነገር ነው። ማዞሪያው የሚቆምባቸው ነጥቦች የተወሰኑ ናቸው። አንዳንዱ በየ7.5 ዲግሪው ይቆማል፣ አንዳንዱ በየ10፣ ሌላው በየ15። ጋራዡም የተሠራበት የራሱ ማዕዘን አለው። ሁለቱ ካልገጠሙ የመጀመሪያው በር ልክ ይመጣል፣ አራተኛው ላይ ሎኮሞቲቩ ምሰሶ ይመታል። ርቀቱም ወሳኝ ነው። ከመሐሉ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ በ7.5 ዲግሪ የሚገኘው የሁለት ሐዲዶች ልዩነት 5.2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በ10 ዲግሪ 7 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በሩ፣ ምሰሶውና የሎኮሞቲቩ ወርድ እዚያ ውስጥ መግባት አለባቸው። ስለዚህ ትልቅ ካርቶን መሬት ላይ አንጥፉ፤ መሐሉ ላይ ሚስማር ምቱና በክርና በፕሮትራክተር ሁሉንም መስመር በሙሉ ልኩ አስምሩ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይፈጃል፤ ግን ከዚህ የተሻለ ሥራ የለም።

ጠረጴዛውን በተመለከተ፣ ጉድጓዱን ከመቁረጣችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ከሥር እዩ። አግዳሚው እንጨት ልክ መሐሉ ላይ አርፎ ከሆነ ሞተሩ መግቢያ ያጣል። ቺፕውድም አትጠቀሙ። ክረምት ሲገባ እርጥበት ይስብና ያብጣል። ከመርካቶ ወፈር ያለ ኮምፔንሳቶ ገዝታችሁ፣ ከተቆረጠ በኋላ ጠርዙን ቀለም አስጠጡት። ቀጥሎ ውሃ ልክ አስቀምጡበት። የድልድዩ ሐዲድና የመግቢያው ሐዲድ እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለባቸው። ጥፍራችሁን መገጣጠሚያው ላይ ስታንሸራትቱ ከያዘው፣ ትንንሾቹን የፊት ጎማዎችም ይይዛቸዋል።

ኤሌክትሪኩ ሌላ ነው። ድልድዩ ግማሽ ዙር ሲዞር በቀኝ የነበረው ሐዲድ ወደ ግራ ይመጣል። ፖዘቲቩ ከኔጌቲቩ ይገናኝና ሾርት ያደርጋል። ባቡሩን በዲጂታል ትእዛዝ ለምትነዱ፣ ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን ራሱ የሚገለብጥ ሞጁል አለ፤ ለድልድዩ ብቻ ለይታችሁ አስገቡለት። በተራ ዲሲ (ፍጥነቱ በሐዲዱ ቮልቴጅ በሚወሰንበት) ከሆነ፣ ለድልድዩ ኃይል የሚያቀብል ለሁለት የተከፈለ የመዳብ ቀለበት ይሠራል። ጥንቃቄው ክፍፍሉ የት ይሁን የሚለው ላይ ነው። ምንም ሐዲድ በማይገናኝበት ጎን አድርጉት። አለበለዚያ ድልድዩ አንዱ በር ላይ ደርሶ ያለ ኃይል ይቀራል።

የእኛ ከተማ የራሷ ጣጣም አለ፦ መብራት። መብራት ሲሄድ መቆጣጠሪያውን ክፍት ትተን ሻማ ፍለጋ እንነሣለን። ተራ ዲሲ ላይ መብራቱ ድንገት ሲመጣ ባቡሩ ካቆመበት ይነሣል፣ ድልድዩ ሌላ አቅጣጫ ከሆነ ቀጥታ ጉድጓድ ይገባል። መቆጣጠሪያውን ዜሮ ማድረግ ልማድ ይሁን። ከዚያ በላይ ደግሞ ወደ ጉድጓዱ የሚያደርሰውን የመጨረሻ ቁራጭ ሐዲድ ለይታችሁ፣ ድልድዩ ሲገጥም ብቻ ኃይል እንዲያገኝ አድርጉት። ለየጋራዡ ክፍልም አንድ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ይኑረው፤ የቆመ ሎኮሞቲቭ ከሚሄደው ጋር አብሮ እንዳይነሣ።

በእጅ ለምታዞሩ፣ የማዞሪያው ማርሽ ጥርሶች መሐል ትንሽ ላላ ያለ ነገር አይጠፋም። ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ እየመጣችሁ አቁሙት፣ ልኩን ያገኛል።

በመጨረሻ፣ የጋራዡን ጣሪያ በኮላ አትለጥፉት። አንድ ቀን ሎኮሞቲቭ ውስጥ ገብቶ ከሐዲድ ይወጣል፣ እጅ በበሩ አይገባም። አራት ትንንሽ ማግኔት ይበቃዋል።