የጁገል ቤት መቃንና ወራጅ ሲበሰብስ

ቀለሙ ደህና ይመስላል። የበሩን መቃን እግር በመዶሻ እጀታ ስትመቱት ግን ድምፁ የታፈነ ነው፤ ካቻቢቴ ብትሰኩበት እስከ እጀታው ይገባል። ጁገል ውስጥ፣ በግንብ በታጠረው በድሮው ሐረር፣ ከምጠራባቸው ሥራዎች አብዛኛው ይኸው ነው።

ጥፋተኛው ሲሚንቶ ነው። የድሮው የሐረር ግንብ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ በኖራ የተለሰነ እንደሆነ የገባበትን እርጥበት መልሶ ያስወጣል። ባለቤቱ «ይጠንክር» ብሎ በሲሚንቶ ሲያስለስነው ዝናቡ በስንጥቁ ይገባና መውጫ ያጣል፤ ከዚያ እንጨቱ ላይ ይተኛል። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት አይበሰብስም። ውሃውን ሳታስወግዱ አዲስ እንጨት መግጠም ለሻጋታው ምሳ ማቅረብ ነው።

አንድ ቤት ለሰርግ ይድረስ ተብሎ የበሰበሰው መቃን በሳጋቱራና በኮላ ተጠቅጥቆ ዘይት ቀለም ተቀባ። «አሁንማ ድንጋይ ሆኗል» አሉኝ እናትየው። ክረምቱ ሲወጣ አስጠሩኝ። የቆመው ቀለሙ ብቻ ነበር፤ ውስጡ በትንንሽ አራት ማዕዘን የተሰነጣጠቀ ቡኒ ፍርፋሪ ሆኖ በጣቴ ዝቄ አወጣሁት። ከታች ደግሞ የቀድሞው ሠራተኛ ዙሪያውን በሲልከን ዘግቶታል፤ ውሃው በየት ይውጣ? አቦ!

መፍትሄው፦ መጀመሪያ አሸንዳውን አስተካክሉ። በመቃኑ ዙሪያ አንድ መዳፍ ስፋት ያለውን ሲሚንቶ ፈልፍላችሁ አውጡና እስኪደርቅ ተዉት፤ ይህ የሳምንታት ጉዳይ ነው፤ «ለነገ ጨርስልኝ» የሚለውን ሰው አትስሙ። ብስባሹን ከጤነኛው እንጨት አንድ ስንዝር ጨምራችሁ ቁረጡ። መጋጠሚያው ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ፤ ወደ ውስጥ ካዘቀዘቀ ውሃ ያቁርበታል። የምትቀጥሉት ከፈረሰ ቤት የወጣ የደረቀ ጥድ ይሁን። ከመጋዝ ቤት እርጥቡን የሚሸጡላችሁ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ መጋጠሚያውን ይከፍተዋል። የተቆረጠውን ጫፍ የተልባ ዘይት ደጋግማችሁ አጠጡት፤ ውሃ በብዛት የሚገባው በዚያ ነው። እግሩን ከወለሉ ጣት ያህል አንሱት፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቁም። ግንቡን በ1 ኖራ ለ3 አሸዋ መልሳችሁ ልሰኑ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትቀቡ፤ ቀለም አይይዝም፣ እሳትም ይወዳል። የድሮውን ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ፣ እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ አርጥቡት፣ ሕፃናትንም አርቁ።

የሰገነቱ ወለል ስትረግጡት የሚረግብ ከሆነ ግንብ ውስጥ የተቀበረው የወራጁ፣ ማለትም ወለሉን የሚሸከመው አግዳሚ እንጨት፣ ጫፍ በስብሷል። ምክንያቱ ያው ነው። ከስር ድጋፍ ሳታቆሙ አንዲት ሚስማር እንዳትነቅሉ። እደግመዋለሁ፦ ድጋፍ! ከዚያ በሁለቱ ጎን ጤነኛ እንጨት አጋጥማችሁ በብሎን አጥብቁ፤ አዲሱ ጫፍ ግንቡ ውስጥ ዙሪያውን አየር ያግኝ።

እንጨቱ ላይ የጭቃ መስመር ካያችሁ ምስጥ ነው፤ መስመሩን ከመጥረግ በፊት ከመሬት የሚወጣበትን ፈልጉ።

ትንንሽ ክብ ቀዳዳና ዱቄት የነቀዝ ሥራ ነው፤ ዱቄቱ አዲስ ካልሆነ አትጨነቁ።

ቅርጽ ያለው የድሮ በር ከሆነ የበሰበሰውን ብቻ ቀይሩ። ጁገል ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፤ ቅርስ ጽሕፈት ቤቱን ሳትጠይቁ በሩን ነቅላችሁ ብረት አትግጠሙ።

ጠቁሮ ግን ካቻቢቴ የማያስገባ እንጨት ጭስና ዕድሜ ነው። አትንኩት።