በዲሲ ትምህርት ቤቶች ወላጅን ድምፅ የሚያሳጡ ስህተቶች

ዋሽንግተን ዲሲ ልጅ የሚያስተምር ሐበሻ ወላጅ በትምህርት ቤቱ ቅር የሚሰኝበት ነገር አያጣም። ርእሰ መምህሩ በድንገት ይቀየራል፣ ልጁን እንግሊዝኛ የምታግዘው መምህርት በዓመቱ አትገኝም። ቅሬታው ግን ቡና ላይ ተወርቶ ይቀራል፣ አለዚያም ወደማይመለከተው ሰው ይሄዳል። ይህ ያስቆጨኛል፤ የመጠየቅ መብቱ በእጃችን ነውና።

የማን ትምህርት ቤት እንደሆነ አለመለየት

ከሁሉም የከፋው ይኼ ነው። በመንግሥት ገንዘብ የሚሠሩት ትምህርት ቤቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። መደበኛዎቹ፣ ዲሲፒኤስ የምንላቸው፣ ከ2007 ወዲህ በከንቲባው ሥር ናቸው። የዲሲፒኤስን የበላይ ኃላፊ፣ ቻንስለሩን፣ ከንቲባው ይሾማል፣ የከተማው ምክር ቤት ያጸድቃል፤ ርእሰ መምህራንን የሚሾመው ቻንስለሩ ነው። በምርጫ ወረቀት ላይ ስሙን የምናየው የትምህርት ቦርድ እንደ መመረቂያ መስፈርት ያሉትን ያጸድቃል እንጂ ርእሰ መምህር አይሾምም፣ አይሽርም።

ሁለተኛው ዓይነት፣ ራሱን ችሎ የሚተዳደረው ቻርተር ትምህርት ቤት ከሆነ ግን ቻንስለሩ ምንም ሥልጣን የለውም። እያንዳንዱ ቻርተር የራሱ ቦርድ አለው፤ ኃላፊውን የሚቀጥረውም የሚያሰናብተውም እሱ ነው። ሕጉ ቦርዱ ውስጥ ቢያንስ ሁለት የተማሪ ወላጆች እንዲኖሩ ያስገድዳል። እነዚያ ሁለት ወላጆች እነማን እንደሆኑ ያውቃሉ? ጠይቁ። በ2020 በወጣ ሕግ ምክንያት የቦርዱ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ገብቶ ማዳመጥም ይቻላል።

ከተወሰነ በኋላ መነሳት

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን። የሚቀጥለው ዓመት በጀት ረቂቅ ለዲሲፒኤስ ትምህርት ቤቶች የሚደርሰው ፌብሩዋሪ ገደማ ነው። ያን ጊዜ ርእሰ መምህሩን የሚያማክረው ኤልሳት የሚባለው ቡድን ነው፤ ወላጆችም መምህራንም የየራሳቸውን ተወካይ ይመርጡበታል። ሥልጣኑ ምክር እስከ መስጠት ነው፤ ቢሆንም ቁጥሩን አስቀድሞ ያያል። ለተወካዩ አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ይስጡ፦ «እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች የተመደቡት መምህራን ከዘንድሮው ይቀንሳሉ ወይ?» ጁን ላይ ቢጠየቅ ነገሩ አልቋል። ርእሰ መምህር ሲለቅም እንደዚሁ ነው፤ ወላጆች ያሉበት ፓነል እጩዎችን ያነጋግራልና፣ የመጨረሻው ቃል የቻንስለሩ ቢሆንም፣ ፓነሉ ሲቋቋም ስም ማስመዝገብ ያስፈልጋል።

ፒቲኤ ይበቃል ማለት

ፒቲኤ፣ ማለትም የወላጆችና የመምህራን ማኅበር፣ ገንዘብ ያሰባስባል፣ ዝግጅት ያዘጋጃል። መልካም ሥራ ነው። በጀት ላይ ለመናገር ግን ኤልሳት ወይም የቻርተሩ ቦርድ ዘንድ መሄድ ግድ ነው።

«ዜጋ ስላልሆንኩ አይመለከተኝም»

ኤልሳት ውስጥ ለመግባትም፣ ስብሰባ ላይ ለመናገርም ዜግነት አያስፈልግም። ከ2024 ጀምሮ ዲሲ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች በከተማዋ ምርጫ፣ ከንቲባውን ጨምሮ፣ እንዲመርጡ ፈቅዳለች። ኮንግረስ ውስጥ ሕጉን ለመሻር በተደጋጋሚ ስለተሞከረ ከመመዝገብዎ በፊት የዲሲ ምርጫ ቦርድን ይጠይቁ። እዚህ ላይ እጅግ ጥንቃቄ ያሻል፦ ይህ ፈቃድ ለፕሬዚዳንትና ለኮንግረስ ምርጫ አይሠራም። ከዲሲ ውጭ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ወይም አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) የሚኖር ግሪን ካርድ ያለው ሰው «ዲሲ ተፈቅዷል» ሲባል ሰምቶ ለሚኖርበት አካባቢ ትምህርት ቦርድ ቢመርጥ የኢሚግሬሽን ጉዳዩን አደጋ ላይ ይጥላል።

ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ

የአሥር ዓመት ልጅ እናቱ በርእሰ መምህሩ ፊት ስትከስ ቃል በቃል አይተረጉምም። ያለዝበዋል፤ ነገ እዚያው ክፍል የሚገባው እሱ ነው። ዲሲ በ2004 የወጣ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አላት፤ አማርኛም ከተማዋ ዋና ዋና ሰነዶቿን ከምትተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ከስብሰባው ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው፣ በኢሜይል፣ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደሚፈልጉ ይጻፉ፤ ኢሜይሉንም አያጥፉት። በነፃ ነው። አስተርጓሚ ካልመጣ «ሌላ ቀጠሮ ይያዝልኝ» ማለት ይችላሉ፤ ያልገባዎትን ወረቀት ግን አይፈርሙ።