ፖስቱ ለምን ተደበቀብኝ? የቃል ማጣሪያ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የቃል ማጣሪያ ለአእምሮ እረፍት ይሰጣል። የጦርነት ወሬ ያደከመው ሰው ቃሉን ሴቲንግ ውስጥ ይጽፋል፤ ቃሉ ያለበት ፖስት ከፊቱ ይርቃል። ጣጣው የሚመጣው ቆይቶ ነው። ማጣሪያው ከተረሳ በኋላም ሥራውን ይቀጥላል። አንድ ቀን የቅርብ ጓደኛ «ያን ሁሉ ጽፌ እንዴት ዝም ትለኛለህ?» ብሎ ይቀየማል። ፖስቱን ግን ጭራሽ አላየነውም።

መደበቁ ክፋት የለውም። ክፋቱ በየትኛው ቃል እንደተደበቀ አለመነገሩ ነው። ቃሉ ከታወቀ ማስተካከሉ ቀላል ነው። እዚህ በብዛት የማወራው ማስቶዶን ስለሚባለው ማኅበራዊ ሚዲያ ነው፤ ምክንያቱን ለማሳየት ከሌሎቹ የተሻለ ይሞክራልና። ኤክስን (የቀድሞውን ትዊተር)፣ ብሉስካይንና ፌስቡክንም አነሳለሁ።

«በማጣሪያ ተይዟል» ይላል፤ የትኛው ቃል እንደያዘው ግን አይናገርም

ኅዳር 2015 ዓ.ም. ከወጣው 4.0 ከተባለው ስሪት ጀምሮ ማስቶዶን የተጣራን ፖስት በማስጠንቀቂያ ይሸፍነዋል። ሽፋኑ ላይ የማጣሪያው ስም ይታያል፤ ከጎኑም ፖስቱን መግለጫ ቁልፍ አለ። ልብ በሉ፤ የሚታየው እናንተ ለማጣሪያው ያወጣችሁለት ስም ነው እንጂ ፖስቱ ውስጥ የተገኘው ቃል አይደለም። ማጣሪያውን «የማልፈልጋቸው» ብላችሁ 30 ቃል ከጨመራችሁበት፣ ሁሌም የምታዩት «የማልፈልጋቸው» የሚለውን ብቻ ነው። ከ30ው የቱ እንደሆነ በግምት ትፈልጋላችሁ።

መፍትሄው ትልቁን ማጣሪያ መበተን ነው። ለጦርነት አንድ፣ ለኳስ አንድ፣ ለስድብ አንድ አድርጉ። ስሙንም ቃሉን ራሱን አድርጉት፦ «ጦርነት፣ ውጊያ፣ ድሮን» ብላችሁ። ሽፋኑ ላይ ያንን ስታዩ ምክንያቱ ወዲያው ይገባችኋል።

ፖስቱን ከፍቼ አነበብኩት፤ ቃሉ ግን የለም

መጀመሪያ ከጽሑፉ ውጭ ተመልከቱ። ማስቶዶን የሚፈትሸው ዋናውን ጽሑፍ ብቻ አይደለም። ጸሐፊው ከላይ ያደረገውን ማስጠንቀቂያ፣ የምርጫ ጥያቄ ካለው አማራጮቹን፣ ለማየት ለሚቸገሩ ሰዎች ተብሎ ከፎቶው ጋር የሚጻፈውን መግለጫም ይፈትሻል። ቃሉ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ የፎቶ መግለጫ ውስጥ ነው። መግለጫውን ካልከፈታችሁት አይታያችሁም።

ሁለተኛው ምክንያት ቃሉ በሌላ ቃል ሆድ ውስጥ መሆኑ ነው። «ባል» ብላችሁ ካጣራችሁ «ባልደረባ» ይያዛል፣ ባልቻ ሆስፒታልም ይያዛል። «ሞት» ካላችሁ «በሳቅ ሞትኩ» ያለ ሁሉ ይደበቃል። «ጦር» ካላችሁ ደግሞ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ «ባቡሩ ጦር ኃይሎች ላይ ቆሟል» ብሎ የጻፈው አይደርሳችሁም። የመጀመሪያዎቹን «ሙሉ ቃል ብቻ» የሚለውን ሳጥን ምልክት በማድረግ ታስተካክላላችሁ። ጦር ኃይሎችን ግን ይህ አያድነውም፤ «ጦር» እዚያ ብቻውን የቆመ ቃል ነው። እዚህ ላይ ያለው መፍትሄ ቃሉን መቀየር ብቻ ነው፤ እንዴት እንደሆነ ቀጥሎ አለ።

ሦስተኛው፣ ቃል ጭራሽ ላይኖርበት ይችላል። ማስቶዶን አንድን ፖስት ለብቻው መርጦ ማጣሪያ ውስጥ ማስገባት ይፈቅዳል። ማጣሪያውን ከፍታችሁ በእጅ የተጨመረ ፖስት እንዳለ እዩ።

ማጣሪያው አለ፤ ፖስቱ ግን እንደልቡ ያልፋል

የአማርኛ ተጠቃሚ ከሁሉ በላይ የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው። ማጣሪያዎቹ ሲሠሩ የእኛ ቋንቋ አልታሰበም።

ማስቶዶን ላይ አዲስ ቃል ስትጨምሩ «ሙሉ ቃል ብቻ» የሚለው ሳጥን አስቀድሞ ተመርጦ ይመጣል። በአማርኛ ግን ቃል ብቻውን የሚቆመው ስንት ጊዜ ነው? «ምርጫ» ብላችሁ ካስገባችሁ «የምርጫ»፣ «በምርጫው»፣ «ስለምርጫ» ሁሉም ያልፋሉ። ስለዚህ ለረዘም ያለ ቃል ምልክቱን አንሱት።

ያም ሆኖ አይበቃም። «ጦርነት» የሚለው «ጦርነቱ»ን አይዝም። ለኮምፒውተሩ ት እና ቱ የማይገናኙ ሁለት ፊደሎች ናቸው። እዚህ ጋ የሚሠራው ዘዴ የምትለዋወጠውን የመጨረሻ ፊደል መቁረጥ ነው። «ጦርነ» ብላችሁ ጻፉ፣ ሙሉ ቃል የሚለውን ምልክት አንሱ። ጦርነት፣ ጦርነቱ፣ ስለጦርነቶች ሁሉም ይያዛሉ፤ ጦር ኃይሎች በሰላም ያልፋል። «ፖለቲ» ካላችሁም ፖለቲካንም ፖለቲከኛንም ታገኛላችሁ።

አጭር ቃል ላይ ግን ይህን አታድርጉ። «ሞተ»ን ያለ ሙሉ ቃል ካስገባችሁት ሞተር ሳይክል የሚሸጠው ሰው ሁሉ ይጠፋል። ለአጫጭር ቃላት አድካሚም ቢሆን እያንዳንዱን መልክ ለየብቻ መጻፍ ይሻላል፦ ሞት፣ ሞተ፣ ሞተች፣ ሞቷል፣ ሁሉም በሙሉ ቃል።

ቀጥሎ ያሉት ሞክሼ ፊደሎች ናቸው። አመፅ፣ አመጽ፣ ዓመፅ፣ ዐመጽ ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለማጣሪያው አራት። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ያለበት፣ ሰ እና ሠ ያለበት፣ ጸ እና ፀ ያለበት፣ አ እና ዐ ያለበት ቃል ስታስገቡ ሌሎቹን አጻጻፎች አብራችሁ አስገቡ። አኅጽሮትም እንዲሁ ነው፤ «ጠቅላይ ሚኒስትር» የሚለው «ጠ/ሚ»ን አይዝም። አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፍም ብዙ ነው፤ እሱም ራሱን ችሎ መግባት አለበት።

ሠርቶ እንደሆነ ለማየት ራሳችሁ ቃሉን ጽፋችሁ ፖስት አታድርጉ። ማስቶዶን የራሳችሁን ፖስት አያጣራባችሁም፣ ስለዚህ አልሠራም ብላችሁ በከንቱ ትደክማላችሁ። ጓደኛ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ።

ያለ ምንም ምልክት ጠፋ

ማጣሪያው «ሙሉ በሙሉ ደብቅ» ላይ ከሆነ ሽፋንም ስምም አይኖርም፤ ፖስቱ እንዳልተጻፈ ይሆናል። በእኔ እምነት ይህ አማራጭ ማየቱ በእውነት ለሚያሳምም ነገር ብቻ መቅረት አለበት። ለቀረው ሁሉ «በማስጠንቀቂያ ደብቅ» ላይ አድርጉት። አንድ ነገር ጠፋ ብላችሁ ስትጠረጥሩም ለጊዜው ወደ ማስጠንቀቂያ ቀይሩትና ምን እንደሚወጣ እዩ።

ፖስቱ የሰውየው ፕሮፋይል ላይ ታይቶ ዋናው ገጻችሁ ላይ ከሌለ፣ ማጣሪያው የት የት እንዲሠራ እንደመረጣችሁ አረጋግጡ። ዋና ገጽ፣ ማሳወቂያ፣ የሕዝብ ገጽ፣ ውይይትና ፕሮፋይል ለየብቻ ይመረጣሉ። በተቃራኒው የደበቃችሁት ነገር ድንገት ከተመለሰ ለማጣሪያው የወሰናችሁለት ጊዜ አልቆ ይሆናል።

ኤክስ ላይ ድምፁን ያጠፋችሁት (Mute ያደረጋችሁት) ቃል ያለበት ፖስት ከዋናው ገጽና ከማሳወቂያ በዝምታ ይቀራል። በፍለጋ ግን ይገኛል። ስለዚህ የሰውየውን ስም ፈልጉ፤ ፖስቱ ከወጣ ድምፃቸው የጠፋ ቃላትን ዝርዝር ከፍታችሁ አንድ በአንድ ከጽሑፉ ጋር አመሳክሩ። ብሉስካይም ከዋናው ገጽ በዝምታ ያስቀረዋል። እዚያ ግን ከምትከተሏቸው ሰዎች በስተቀር እንዲያጣራ ማድረግ ይቻላል። የወዳጅን ፖስት ላለማጣት ይህን መምረጥ ጥሩ ነው።

ኮሜንቴ ለእኔ ይታያል፤ ለሌላው አይታይም

ፌስቡክ ላይ የገጽ ባለቤት የተከለከሉ ቃላት ዝርዝር ማስገባት ይችላል። ቃሉ ያለበት ኮሜንት ይደበቃል፤ ለጸሐፊውና ለጓደኞቹ ግን መታየቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ሰውየው መደበቁን አያውቅም። ለማረጋገጥ ጓደኛችሁ ባልሆነ ሰው ስልክ ገጹን ክፈቱ። ከሌለ ለገጹ ባለቤት በመልእክት ጻፉለት፤ የተደበቀውን እሱ ያየዋል፣ መልሶም ማውጣት ይችላል።

ገጽ የምታስተዳድሩ ከሆነ ዝርዝሩን ስትሞሉ ገጹ ስለምን እንደሆነ አስቡ። «አህያ» ስድብ ነው ብላችሁ ስለከብት እርባታ በሚያወራ ገጽ ላይ ከከለከላችሁ፣ «አህያዬ ታመመችብኝ፣ ምን ላድርግ?» ያለው ገበሬ መልስ ሳያገኝ ይቀራል። እሱ ጥያቄውን እያየው ሰው የናቀው ይመስለዋል። የተደበቁትን ኮሜንቶች በየሳምንቱ ግቡና እዩ፤ ገጹ ላይም የትኛው ዓይነት ቃል እንደሚደበቅ በግልጽ ጻፉ።

አፕ ለምትሠሩ

ማስቶዶን ላይ መልሱ ከሰርቨሩ ዘንድ አለ። ሰርቨሩ የተጣራን ፖስት ለአፕ ሲልክ የማጣሪያውን ስም ብቻ ሳይሆን የተያዘውን ቃልም አብሮ ይልካል፤ ፖስቱ በእጅ የገባ ከሆነም ያንን ይናገራል። አፑ ተቀብሎ ስሙን ብቻ ካሳየ ቃሉን የደበቀው አፑ ነው።

ስለዚህ ሽፋኑ ላይ «ጦርነት በሚለው ማጣሪያ ተደብቋል» ከሚለው ሥር ትንሽ መስመር ጨምሩ፦ «የተገኘው ቃል፦ ጦርነ»። ቃሉን ማየት የሚከብደው ሰው ስላለ፣ መስመሩ ሲነካ ብቻ የሚገለጥ ይሁን። ከዚያ ሥር ወደ ማጣሪያው ማስተካከያ በቀጥታ የሚወስድ ቁልፍ አድርጉ። ቃሉ የተገኘው በፎቶ መግለጫ ውስጥ ከሆነም እዚያ መሆኑን ጻፉ።