ሳያምህ «አሞኛል» ከማለትህ በፊት
ጠዋት አልጋ ውስጥ ሆነህ ለአለቃህ «አሞኛል» የሚል ቴክስት ጽፈህ፣ ልላከው አልላከው እያልክ ነው አይደል? ቆይማ። «የሐኪም ወረቀት አምጣ» ቢሉህስ? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሕመም ፈቃድ የሕክምና ማስረጃ ይፈልጋል፤ ፎርጅድ ወረቀት ደግሞ ሊያስባርርህ ይችላል። በዚያው አዋጅ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለህ፣ ከሱ ቀንስ።

እኔ አንዴ «ሆዴን ቆረጠኝ» ብዬ ቀርቼ፣ ከሰዓት ማኪያቶዬን ይዤ ዘና እንዳልኩ የሒሳብ ክፍሏ ልጅ መጥታ «ተሻለህ?» አለችኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። አሁን የምጽፈው፦ «ነገ የግል ጉዳይ ስላለኝ ከዓመት ፈቃዴ አንድ ቀን ይያዙልኝ።» በቃ። ካልጠየቁህ አትዘርዝር፤ ውሸት የሚጋለጠው ዝርዝሩ ሲበዛ ነው። ማታውኑ ላከው፣ ጠዋት 1፡30 ላይ ሲደርሳቸው ያናድዳቸዋል።